በሞቴ ብይልኝ

በአገራችን እንግዳ ሆኖ የገባ ሰው «አልበላም» ለማለት የሚያስችሉት ምክንያቶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጾምና በሽታ። ከእነዚህ ውጪ ያለው ሁሉ ኩራት ነው፤ ወይም ንቀት ነው፤ ወይም የባለቤቲቱን እጅ መጠራጠር ነው። «በልቼ ነው የመጣሁት» የሚለውማ ተደጋግሞ ተነግሮ ተነግሮ የሚያምነው የጠፋ ምክንያት ነው። ባለቤቲቱ «በሞቴ!» ካለች ደግሞ ነገሩ አበቃ። እስቲ ይህችን ቃል ልብ እንበላት። ሴትዮዋ ሞቷን እኮ ነው በአንድ ጉርሻ ላይ የምታስይዘው። እንግዳው እንቢ ቢል በሞቷ ላይ እንደፈረደ ይቆጠራል። ቢጎርስ ደግሞ ሆዱ ምን እንዳለው የሚጠይቅ የለም።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ በሚገኘው የእናቴ ቤት የገጠመን ነገር ነው። ታላቅ እህቴ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ከሚኒሶታ መጣች። (ሚኒሶታ ዘመድ የሌለው የወለጋ ሰው ማግኘት እየከበደ ነው።) ከእኛ ዘንድ ስትሄድ ቀጭን ልጅ ነበረች። እዚያ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሌሊት ሌሊት እየሠራች፣ ያገኘችውን መኪና ውስጥ እየበላች፣ ከመቶ ሠላሳ ኪሎ በላይ ሆነች። ስኳር ያዛት፤ ጉልበቷ አልሸከምሽም አላት። ልትመጣ ሁለት ዓመት ሲቀራት ውፍረት ለመቀነስ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና አደረገች። ከቤተሰቡ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩ እንግዳ ለሆነባችሁ በአጭሩ ላስረዳ። የቀዶ ሕክምናው ዓይነት ከአንድ በላይ ነው። እሷ ያደረገችው ጨጓራን ለሁለት ከፍሎ፣ ከላይ የምትቀረውን ትንሽ ከረጢት በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር የሚያገጣጥመውን ነው። ከረጢቷ መጀመሪያ ላይ የምትይዘው 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ የእናቴን የቡና ስኒ እኩሌታ እንኳ አይሞላም። ዘዴውን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመረው በአሜሪካ የአይዋ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን ነበር። ታዲያ ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ ትንሽ መብላት ብቻ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። ሆድ ትናንት የወደደውን ዛሬ አልቀበልም ይላል። ሥጋ ደረት ላይ እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ትኩስ ዳቦ መልሶ ሊጥ ሆኖ መውረድ ያቅተዋል። ወተት ሆድ ይነፋል፤ ያስቀምጣል። ጣፋጭ ነገር በአንድ ጊዜ አንጀት ውስጥ ይደፋና ያልባል፣ ልብ ይደልቃል፣ ዓይን ይጨልማል። ምግብና ውኃ አብረው አይወሰዱም። ቫይታሚኑ፣ ብረቱና ካልሲየሙ ዕድሜ ልክ ከሐኪም እጅ ነው። ደግሞም አንዷ የቻለችውን ሌላዋ አትችለውም፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሆድ እንደ ሕፃን ከአንድ ጀምሮ ይማረዋል።

እህቴ አውሮፕላን ማረፊያ እንዳቀፈችኝ በጆሮዬ የነገረችኝ ነገር ቢኖር «ለእማዬ እንዳትነግርብኝ» የሚል ነበር። እኔም ቃል ገባሁ። 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጨለለቂ ስንደርስ በሩ ላይ የጠበቀን የቅቤ ሽታ ነው። እናቴ ጩምቦውን በቅቤና በአይብ አጥለቅልቃ፣ ዶሮውን ሠርታ፣ እርጎውን አስቀምጣ ትጠብቀን ነበር። «ኛዱ ኢንተለ ኮ!» አለች፤ ብይ ልጄ ማለቷ ነው። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ የእህቴ ፊት ሲለወጥ አየሁና አፌ ቀደመኝ፤

«እማዬ፣ ተያት። ጨጓራ አለባት።»

የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፤ በዲፕሎማ። መምህሮቻችን ስለ እውነት ብዙ ነግረውን ነበር፤ ስለ እናት ግን አንድም ቀን አላነሱልንም። በበኩሌ ውሸቷን ስወረውር ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር። ጨጓራ እኮ በአገራችን የተከበረ በሽታ ነው። የሌለበት ቤት የለም፤ ማንም ማንንም አይወቅስበትም። እናቴም ወዲያው አመነችኝ። አምናም ዝም አላለች፤ ማከም ጀመረች። በማግሥቱ ጠዋት ለጨጓራ ይበጃል የሚባለውን ትኩስ ወተት በማር በጥብጣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ አቀረበች። እህቴ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። «በሞቴ!» መጣች። እህቴ ጠጣች።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። ላቡ በአንገቷ ይወርድ ጀመር፤ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ አልጋ ላይ ተዘረረች። እናቴ «ዓይን በላት!» ብላ ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ። ሐኪሞች ይህን ነገር ያወቁት ዛሬ አይደለም፤ ድሮ በቁስለት ምክንያት ጨጓራቸው ተቆርጦ የወጣላቸው ሰዎች ላይ ሲያዩት የኖሩት ነው፤ ጋደም ብሎ ቢታገሱት ያልፋል። ይህን እኔ አውቅ ነበር። እናቴ ግን አታውቅም፤ እንዳታውቅ ያደረግሁትም እኔ ነኝ።

ጀርመናዊው ካንት በ1797 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አንድ አጭር ጽሑፍ ላይ፣ ነፍሰ ገዳይ በርህን አንኳኩቶ ወዳጅህ እቤት መኖሩን ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት አይገባህም ይላል። ይህን ያነበበ ሁሉ ይስቅበታል፤ እኔም ስቄበት ነበር። ከዚያው ጽሑፍ ግን ብዙ ሰው የማያነሳው አንድ ነገር አለ። እውነት የተናገረ ሰው ለሚከተለው ጣጣ አይጠየቅም፤ የዋሸ ግን ከቶ ያላሰበው ጉዳት ቢደርስ እንኳ ይጠየቅበታል ይላል። እኔ በር ላይ የቆመ ነፍሰ ገዳይ አልነበረብኝም። በር ላይ የቆመችው የገዛ እናቴ፣ የያዘችውም ወተት ነበር። እሷ ያጠፋችው ምንድን ነው? ደግነቷ ዒላማውን የሳተው ዒላማውን ስለደበቅሁባት ነው።

የዚያን ዕለት ማታ እህቴ ራሷ ነገረቻት። እናቴ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ማን አስገደደሽ?» አለች። ቀጥላም በ1977 ዓ.ም. ድርቁ የጎዳቸው የወሎና የትግራይ ሰዎች ለሰፈራ በመኪና ተጭነው ወደ ወለጋ ሲመጡ ያየችውን አወራች። በዚያ የሰፈራ ዘመቻ በአገሪቱ ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች ከቀያቸው እንደተነሱ ይነገራል፤ እሷ ግን ትዝ የሚላት ቁጥሩ ሳይሆን ዳቦ ተሰጥቶት ማላመጥ ያቃተው አንድ ልጅ ነው። «እህል አጥቶ ሆዱ የተጣበቀ ሰው ባየሁበት ዓይኔ፣ እህል በዛብኝ ብላ ሆዷን የቀነሰች ልጅ ልይ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። የእህቴ ጨጓራ ሙሉ ሆኖ ቢቀር ለዚያ ልጅ አይተርፈውም ማለት ይቻላል፤ ግን እናቴ ሒሳብ እየሠራች አልነበረም።

«ማን አስገደደሽ» የሚለው ጥያቄ ግን ከእናቴ በፊትም የነበረ ነው። አርስቶትል በተፈጥሮው ዓይነ ስውር በሆነ ሰው ላይ ማንም አይፈርድም፣ በስካር ዓይኑን ባጠፋ ሰው ላይ ግን ሁሉም ይፈርዳል ብሏል። እኛም እንዲሁ ነን፤ ከማዘናችን በፊት «በራሱ ነው ወይስ?» ብለን እንመረምራለን። ችግሩ ድንበሩ የት እንደሆነ አለመታወቁ ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ግሬሊን የሚባል ሆርሞን አገኙ፤ ጨጓራ ራሱ እያመነጨ ለአንጎል «ራበኝ» የሚል መልእክት የሚልክበት ነው። እንግዲህ ረሃብ ራሱ ከፊሉ ያልመረጥነው ትእዛዝ ከሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሽማግሌ ስታነሳና ስታጥብ አድራ መኪና ውስጥ የበላችው እህቴ ምኑን መረጠች? ምኑንስ አልመረጠችም? ይህን ለይቶ የሚያውቅ ዳኛ አላውቅም። ቢኖርም ደግሞ ቦታው ማዕድ ዙሪያ አይመስለኝም። የቀረበለትን መብላት ያልቻለ ሰው ሆዱ የታመመው በጥፋቱ ይሁን በዕጣው፣ ያን ሰዓት የሚያስፈልገው ያው አንድ ነገር ነው፤ አለመገደድ።

እንዲህ ስል የአገሬን ማዕድ ማቃለሌ አይደለም። ያ «በሞቴ» ባይኖር እኔ ተማሪ ሳለሁ ስንት ቀን ጦሜን ባደርኩ ነበር! አፍሮ «ጠግቤያለሁ» የሚለውን ምስኪን የሚያበላው እሱ ነው። ግን ያው ቃል ያፈረውንና የታመመውን አይለይም።

እናቴ ሁለት ቀን ኮስተር ብላ ከረመች። በሦስተኛው ቀን ገበያ ሄዳ አንጮቴ ገዛች። አንጮቴን ለማታውቁት፣ ወለጋ ውስጥ በብዛት የሚበላ፣ በተለይ በመስቀል የማይታጣ ሥራ ሥር ነው፤ ካልሲየም ስላለው ይሁን ሌላ፣ ሰው አጥንቱ ሲሰበር የሚመገበው እሱን ነው። እናቴ ቀቅላ፣ ልጣ፣ ቅቤውን ትታ አላመችው። ያቀረበችውም በትሪ ሳይሆን በስኒ ማስቀመጫ ነበር። እህቴ እያንዳንዷን ጉርሻ ረጅም ጊዜ አላመጠች። ሦስት ጉርሻ በላች፤ ተስማማት። እናቴ ልታጎርሳት እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው።

በዚህ መሃል አንዲት ጎረቤታችን ሰሐን ከድና ገባች። ጨጨብሳ ነው፤ ማር ፈሶበታል። «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ፤ በሞቴ ብይልኝ!» አለቻት እህቴን። እኔ አፌን ልከፍት ስል እናቴ ቀደመችኝ።

«ተያት እባክሽ፤ ጨጓራ አለባት።»

«ውይ! ታዲያ ወተት ነዋ እምትሰጫት።»

«ወተትም ማርም ሐኪም ከልክሏታል» አለች እናቴ፣ ሰሐኑን ከእጇ ተቀብላ ወደ እኔ እየገፋችው።