ላቲንና ግዕዝ

በአፍ የማይነገርን ቋንቋ ለልጅ ማስተማር ተገቢ ነውን? በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ለመግባት ላቲን ማወቅ ግዴታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ግዴታው ሲነሳ ብዙ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱን እየተዉት ሄዱ። ለካ ያቆየው ፍቅር ሳይሆን የመግቢያ ፈተና ኖሯል!

የእኛ ግዕዝ እንዲህ ያለ ፈተና አልነበረውም። ቄሶቻችን ኦሪትን በግዕዝ አንብበው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉሙልን ነበር፤ ተማሪውም ከመምህሩ አፍ እየሰማ ይይዝ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን ዕብራይስጥና እንግሊዝኛ ይበቃቸዋል፣ ሌላ ሸክም መጨመር ግፍ ነው የሚሉ ወላጆች አሉ። እውነት አላቸው። ነገር ግን ልጁ አድጎ፣ «የአያቴን ጸሎት ለምን ነፈጋችሁኝ?» ቢለን ምን እንመልሳለን? በግድ አናስተምር። በሲግድ ቀን ቄሶች ከሚያነቡት የአንዱን ጸሎት ትርጉም ግን እቤት እንንገራቸው፤ እኛው ራሳችን የምናውቀው ከሆነ ማለት ነው።