ዲፈረንሻሉን ማን ይፍታው?

የድሮ ሃይሉክስ ዲፈረንሻል ማልቀስ ሲጀምር ባለቤቱ ፊት ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ ዩቲዩብ ከፍቶ ራሱ ይፈታዋል፣ ወይ ለባለሙያ ይሰጠዋል። ሲታይ የገንዘብ ጥያቄ ይመስላል። ከወንድሜ ጋር ሁለት ሳምንት ከተከራከርን በኋላ ግን ገንዘቡ የነገሩ ትንሹ ክፍል እንደሆነ ገባኝ። መኪናው የሁለታችን ነው። የሚነዳው እሱ ነው፤ ከደጀን እህል ጭኖ በዓባይ በረሃ በኩል ወደ አዲስ አበባ። «እኛው እንሥራው» ያለውም እሱ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ካርዳን ፒኞን የሚባለውን ትንሽ ጥርስ ያዞራል፤ ፒኞኑ ደግሞ ኮሮና የሚባለውን ትልቁን። ኮሮናው 41፣ ፒኞኑ 10 ጥርስ ካላቸው ጎማው አንዴ እንዲዞር ካርዳኑ 4.1 ጊዜ ይዞራል። እዚህ ድረስ ማንም ይገባዋል። ጣጣው ያለው ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው። በጥርሶቹ መሀል የሚፈቀደው ልቅነት በብዙ መኪኖች ከ0.13 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የሁለት ወረቀት ውፍረት በሉት። ፒኞኑ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚገባ በስስ የብረት ቀለበቶች ይለካል። የኩሽኔታዎቹ ጥብቀት ሌላ ነው። በብዙዎቹ ላይ ዳዶው በጠበቀ ቁጥር እየተጨማደደ የሚሄድ አጭር ቱቦ አለ፤ አንዴ አልፈህ ካጠበቅከው ፈታ አድርጎ ማስተካከል የለም፣ አዲስ ገዝቶ እንደገና መጀመር ነው። በመጨረሻ ጥርሱ ቀለም ይቀባና ይዞራል፤ ከዚያ አሻራው ይነበባል። አሻራው ወደ ጥርሱ ሥር ከወረደ ፒኞኑ ከመጠን በላይ ገብቷል፣ ወደ ጫፉ ከወጣ ርቋል ማለት ነው። ቪዲዮው ይህን ሁሉ ያሳያል። በመሀል ያለውን፣ «ይሄ ይበቃል» የሚለውን ነገር ግን አያሳይም፤ እሱ ያለው ሰውየው እጅ ላይ ነው።

የወንድሜ ምክንያት ብልጠት አልነበረም፣ ቁስል ነው። ከዚህ በፊት አንድ ጋራዥ «አዲስ አስገብተናል» ያለው ኩሽኔታ አሮጌው ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ሆኗል። ለብቻውም አይደለም። አሜሪካዊው ሮበርት ፒርሲግ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ስለ ዜንና ስለ ሞተር ሳይክል ጥገና በሚያወራው መጽሐፍ ሞተሩን ያለ ግድ ያበላሹበትን መካኒኮች ያነሳል፤ ለሥራቸው እንደ ተመልካች ነበሩ ይላል። እኔም ብዙ ሰው ራሱ መፍታት የሚጀምረው ስለቻለ ሳይሆን የሚያምነው ስላጣ ይመስለኛል። ግን አለማመን ሙያ አይሆንም። ባለሙያው ሌባ መሆኑ እኔን መካኒክ አያደርገኝም።

ሌላም አለ፣ ደስ የማይል። «ምን አላት? ብሎን ፈትቶ ማሰር አይደል!» የምንለው እኛ ዲግሪ ያለን ነን። እጁ ግሪስ የነካ ሰው የሚያውቀውን በሁለት ሰዓት ቪዲዮ እንደርስበታለን ብለን እናስባለን። በራስ መተማመን ነው ወይስ ንቀት? ብረት ቀጥቃጩን በስድብ ስም ስትጠራ በኖረች አገር ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። የቀዶ ሕክምና ቪዲዮ አይቶ ቢላ የሚያነሳ የለም።

እኔን ግን ያስጨነቀኝ ስህተቱ የሚታይበት ጊዜ ነው። ዘይት ስትቀይር ክዳኑን በደንብ ካላጠበቅክ ማታውኑ መሬቱ ላይ ታየዋለህ። የዲፈረንሻል ስህተት ግን ዝም ብሎ ይቆያል። ከወራት በኋላ የፒኞኑ ኩሽኔታ ቢነክስ የኋላ ጎማዎች ሊቆለፉ ይችላሉ። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ጋቢና ውስጥ ረዳቱ አለ፣ ከፊት የሚመጣ ሚኒባስ አለ። እነሱን «እኛው እንሥራው?» ብሎ የጠየቃቸው የለም።

«ባለሙያውስ ቢሳሳት?» አለ ወንድሜ። ሊሳሳት ይችላል። ይባስ ብሎ ባለሙያ የሆነው በሌሎች ሰዎች መኪና ላይ ተሳስቶ ነው፤ ሌላ መማሪያ የለም። እዚህ ላይ ወንድሜ ረታኝ ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ሰው እንደኔ ቢያስብ የሚቀጥለው መካኒክ ከየት ይመጣል? መልሴ ግማሽ ነው፤ ተማሪው ሲሳሳት አጠገቡ የሚያየው ሰው ይኑር።

የሃይሉክሱ የኋላ እግር ለዚህ ይመቻል፤ ዲፈረንሻሉ እንዳለ ተፈትቶ ይወጣል። ሰሚያሶቹን ሳብን፣ ካርዳኑን አወረድን፣ ዙሪያውን ያሉትን ዳዶዎች ፈታን። መለካቱንና መግጠሙን በሌሎች ሾፌሮች ምስክርነት ለደረስንበት ባለሙያ ተውነው። ወንድሜ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሊያይ ጠየቀ፤ አሮጌዎቹን ኩሽኔታዎችም በእጁ ሊረከብ። ሰውየው አልከፋውም። የሚሞላው ዘይት ጂ ኤል 5 መሆኑን አስጠነቀቀን፣ መጀመሪያ ላይ ከባድ ጭነት እንዳንጭን ነገረን። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞር ብሎ «እይ፣ ችግር የለም፤ ቀለሙን ሳነብ ግን አታውራኝ» አለው።