ቤትን ሰጥቶ በቤት መኖር

በዕድሜ የገፋ ሰው በላቡ ያፈራውን ቤት ለልጁ ለማስተላለፍ ሲነሣ ሁለት ጥያቄዎች በአንድነት ይገጥሙታል። አንደኛው የሕግ፣ ሁለተኛው የኅሊና ነው። ሕግ፣ «ምኑን ትሰጣለህ? ምኑንስ ለራስህ ታስቀራለህ?» ይላል። ኅሊና ደግሞ፣ «ለልጅ የሚሰጥ ስጦታ ገደብ ሊኖረው ይገባልን? በእናትና በልጅ መካከል ወረቀት መግባቱስ ፍቅርን ማሳነስ አይደለምን?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ያለ ሌላው በሚገባ ስለማይመለስ ሁለቱን አብረን እንመርምር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ «አላባ» የሚባል መብት አለው። አላባ ማለት የንብረቱን ዋና አካል ሳያጠፉ በንብረቱ መገልገልና ፍሬውን መውሰድ ነው። ስለዚህ አንዲት እናት የቤቷን ባለቤትነት ለልጇ በስጦታ አስተላልፋ፣ እስከ ዕለተ ሞቷ በቤቱ የመኖርን ወይም አከራይታ ኪራዩን የመቀበልን መብት ለራሷ ልታስቀር ትችላለች። ስታርፍ አላባው አብሮ ያበቃል፤ ወደ ወራሾቿ አይተላለፍም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአሜሪካም ለዚሁ ዓላማ የሚያገለግል ሰነድ አለ፤ ዝርዝር ደንቡ ግን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የዚያን አገር የሕግ ዐዋቂ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መገልገልን ከባለቤትነት መለየት አዲስ ሐሳብ አይደለም። በሮማውያን ሕግ የታወቀ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ታሪክም ትልቅ ክርክር አስነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1279 ር.ሊ.ጳ. ኒቆላዎስ 3ኛ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ወንድሞች በነገሮች እንዲገለገሉ፣ ባለቤትነቱ ግን የሮማ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን አጸኑ። እ.ኤ.አ. በ1322 ግን ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 22ኛ፣ ተበልቶና ተጠጥቶ በሚያልቅ ነገር ላይ መገልገልና ባለቤትነት ሊነጣጠሉ አይችሉም ሲሉ ተቃወሙ። ቤት ግን ተበልቶ አያልቅም። ለሁለት ሰዎች በሁለት መልክ ሊሆን ይችላል፤ ለአንዱ ዛሬ መጠለያ፣ ለሌላው የነገ ርስት።

እንግዲህ ወደ ኅሊና ጥያቄ እንመለስ። አላባን ማስቀረት ልጅን አለማመን ነው የሚሉ አሉ። ይህ አስተሳሰብ ከመልካም ልብ ቢመነጭም የሚያየው ዛሬን ብቻ ነው። እናት የምታምነው የምታውቀውን ልጇን ነው፤ ወረቀቱ ግን የሚናገረው ለማታውቃቸው ነው። ልጁ ነገ ዕዳ ውስጥ ቢገባ ባለ ገንዘቡ ቤቱን ሊከተል ይችላል። ትዳሩ ቢፈርስ ንብረቱ ወደ ክርክር ሊገባ ይችላል። ከእናቱ ቀድሞ ቢሞት ደግሞ ወራሾቹ የቤቱ ጌቶች ይሆናሉ። በዚያን ጊዜ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆና፣ ምድጃዋን ለመጠቀም ፈቃድ የምትለምን አሮጊት ምንኛ ታሳዝናለች! መጽሐፈ ሲራክም ሰው በሕይወት ሳለ ሀብቱን አሳልፎ ሰጥቶ የሌላውን እጅ የሚያይ እንዳይሆን ይመክራል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በሰላም ቀን የተጻፈ ሰነድ ልጁንም ቢሆን ከፈተና ይጠብቀዋል።

በሌላ ወገን፣ «መገልገሉን ለራሷ ካስቀረች ምኑን ሰጠች?» የሚል ይኖራል። መልሱ፣ ብዙ ሰጥታለች የሚል ነው። ከእንግዲህ ቤቱን በብቻዋ ፈቃድ ልትሸጠው አትችልም። ሐሳቧን ብትለውጥም እንዳሻት አትመልሰውም። ኑዛዜ ተናዛዡ እስኪሞት ድረስ ሊሻር ይችላል፤ በሕግ የጸና ስጦታ ግን ሕጉ ከወሰናቸው ምክንያቶች በቀር አይሻርም። ብዙ አረጋውያን ይህን ልዩነት ሳይረዱ ይፈርማሉ። ስለሆነም የደከመች እናትን አጣድፎ ማስፈረም፣ ምንም እንኳ ፊርማው የራሷ ቢሆን፣ በኅሊና ፊት ከመንጠቅ የሚርቅ አይደለም። ስጦታ ስጦታ የሚሆነው ሰጪው የሚሰጠውን ሲያውቅ ነው።

ሕጉም ይህንኑ ያሰበ ይመስላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ የሚጸናው በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ በተወሰነው ሥርዐት ሲፈጸም ነው፤ ጽሑፉ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። አላባውም በጽሑፍ ሰፍሮ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ ይኖርበታል። ጮክ ብሎ መነበቡ ተራ ልማድ አይደለም፤ ፊደል ላልቈጠረችው እናት የራሷን ቃል መልሶ ማሰማት ነው።

ደግሞም ሰው የራሱ ያልሆነውን አይሰጥም። ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ከነበረና ባል ካረፈ፣ የእርሱ ድርሻ ለወራሾቹ ነው፤ መበለቲቱ ልትሰጥ የምትችለው የራሷን ድርሻ ብቻ ነው። መሬቱም ከ1967 ዓ.ም. አዋጆች ወዲህ የግል ሀብት ስላልሆነ የሚሰጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። ስለዚህ ሌሎቹን ልጆች ደብቆ መፈራረም ፍትሕን ያጎድላል፤ እናት ከተቀበረች በኋላም ወንድማማቾችን በፍርድ ቤት ደጅ ያቆማል። ሁሉም በተሰበሰቡበት፣ ለምን ለዚህኛው ልጅ እንደ ሰጠች በራሷ አንደበት ብትነግራቸው ቅሬታው ባይጠፋም ጥርጣሬው ይጠፋል።

ውድ አንባቢያን፤ አላባ ያስቀረ ሰው ጥበቃም ግዴታም አለበት። ጣራው ሲያፈስ ቸል ሊል፣ ቤቱን ሊያፈርስ አይገባውም፤ ኋላ ለሚረከበው አደራ ይዟልና። ልጁም ባለቤት ተብሎ ተመዝግቦ ሳለ ተራውን በትዕግሥት ይጠብቃል፤ የእናቱን ዕድሜ እንደ ዕዳ ሳይሆን እንደ በረከት ሊቈጥር ይገባዋል። እንዲህ ሲሆን ሰነዱ ፍቅርን አይተካም፤ ነገር ግን ፍቅር በደከመበት ቀን እንኳ አረጋዊቷ በክብር የምትተኛበት አልጋ እንዳይጠፋ ያደርጋል። ወላጆች ከመፈረማቸው በፊት ይጠይቁ፤ ልጆችም ከመቀበላቸው በፊት ለወላጆቻቸው ጊዜ ይስጡ።