አምስተኛው «ማ»

ጃፓኖች የሥራ ቦታን ሥርዓት የሚያስተምሩባቸው አምስት ቃላት አሏቸው፦ ሴይሪ፣ ሴይቶን፣ ሴይሶ፣ ሴይኬትሱ፣ ሺትሱኬ። ካይዘን እኛ ዘንድ ሲመጣ «አምስቱ ማዎች» ተባሉ፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ጎበዝ ትርጉም ነው፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ መጀመራቸውን ሳይቀር ጠብቋል። (ኮድ ውስጥ እንዲህ የተዋጣለት ስያሜ ባገኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኛል።)

አምስተኛው ላይ ግን አንድ ነገር ጠፍቷል። ሺትሱኬ መጀመሪያ የፋብሪካ ሳይሆን የቤት ቃል ነው፤ ልጅን ሥርዓት አስይዞ ማሳደግ ማለት ነው። የሚጻፍበትም ምልክት «ሰውነት» እና «ውብ» የሚሉት ተጣምረው የተሠራ ነው። እንግሊዝኛው «ማስቀጠል» አደረገው፣ የእኛም «ማዝለቅ» ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። እናትየዋ መንገድ ላይ ቀረች።

እና ጥያቄዬ፦ ከሌላ ባህል የመጣ መምህር አስተዳደግን የማስተማር መብት አለው ወይ? እኛ አገር ለባለጌ ልጅ «አሳዳጊ የበደለው» ይባላል። ስድቡ የሚያርፈው ልጁ ላይ ሳይሆን ቤቱ ላይ ነው። ሠልጣኞቹን ሰብስቦ «የሥራ ባህል የላችሁም» የሚል አሠልጣኝ ሳያውቀው እናታቸውን እየሰደበ ነው።

ከጃፓን ለመማር ስንነሳ ይህ የመጀመሪያችን አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ሄደው ሲመለሱ መጽሐፍ ጻፉ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥታችን የጃፓንን የ1889 ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር። ጃፓን ግን ከዚያ ሕግ 17 ዓመት ቀድማ፣ በ1872፣ ሁሉም ልጅ ትምህርት ቤት ይግባ ብላ አውጃ ነበር። የእኛዎቹ ያን ያህል ጊዜ አላገኙም፤ በ1935 ጣልያን መጣ። ስለዚህ እነሱን መውቀስ አይመቸኝም።

አሁን መካነ ሰላም ዙሪያ፣ ከአባይ ሸለቆ በላይ ወዳለው ደጋ እንሂድ። መኸር ሲደርስ ገበሬው አውድማውን ይጠርጋል፣ በእበት ይለቀልቃል፣ እስኪደርቅ ይጠብቃል። ነዶው ውኃ እንዳያስገባ ሆኖ ተከምሯል። መንሹም ላይዳውም በየቦታቸው ናቸው። አራቱ ማዎች እዚህ አሉ። አምስተኛውም አለ፤ ከአባቱ አይቶት ነው፣ ኦዲተር ሳይመጣበት በየዓመቱ ያደርገዋል።

የዚሁ ገበሬ ልጅ ኮምቦልቻ ወርዶ ፋብሪካ ይቀጠርና መፍቻውን የትም ጥሎ ይወጣል። «አስተሳሰቡ መለወጥ አለበት» ይባላል። ኧረ ልጁ ያው ነው! የተለወጠው አውድማው የማን እንደሆነ ነው።

ስለዚህ መብት የለውም ባይ ነኝ፤ ልጁን የቤቱ ልጅ ካላደረገው በቀር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን ትልልቅ ኩባንያዎች የቀጠሩትን ሰው እስከ ጡረታ ማቆየት ልማድ አድርገውት ነበር። ሺትሱኬ የሚለው ቃል ፋብሪካ ውስጥ ሲነገር ሰሚ ያገኘው፣ በእኔ ግምት፣ ቢያንስ በከፊል በዚህ ነው። (ያም ቤት የራሱ ጭቆና ነበረው፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።) እኛ ሥርዓቱን አምጥተን ቤቱን ተውነው። የሦስት ወር ውል ያለው ልጅ ግድግዳው ላይ «ማዝለቅ» የሚለውን ፖስተር ሲያነብ መጀመሪያ የሚመጣበት ጥያቄ «እኔስ እዘልቃለሁ ወይ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ደግሞ አሠልጣኙ ሊመልስለት አይችልም፤ መልሱ ያለው ውሉን የፈረመለት ሰው ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ሥልጠናው ላይ አልተገኘም።