በአቦል የተነሣው እንግዳ

አንድ ወንጌላዊ ነበረ አሉ። ከካፋዋ ቦንጋ ተነሥቶ ጫካ ለጫካ ወዳሉት ቀበሌዎች ሊሰብክ ወጣ። መጽሐፉን፣ ድምፅ ማጉያውንና አንድ ደብተር በኪራይ በቅሎ አስጫነ። ባለበቅሎው የአገሩ ልጅ ነውና መንገድ ይመራዋል። ደብተሩ ላይ ወንጌል የሰማው ቤት ይቆጠራል፤ ለላኩት ሪፖርት መቅረቡ አይቀርማ!

ከእንሰቱ ጀርባ ካለች የአንዲት መበለት ቤት ገቡ። ሴትዮዋ እንግዳ ስታይ ረከቦቷን አቀረበች። እሷ ስትቆላ ሰበከ፤ ስትወቅጥ ሰበከ። የሚጨሰውን ምጣድ አሽትት ብላ ብታቀርብለት፣ ንባቡን እንዳያቋርጠው በእጁ ገለል አደረገው። አቦሉን ጨለጠና ሰዓቱን አየ።

«እማማ፣ ጌታ ይባርክዎ። ብዙ ቤት ይጠብቀናል።»

ደጅ ወጥቶ ደብተሩ ላይ አንድ ጨመረ።

ባለበቅሎው ግን «በቅሎዋ ትንሽ ትጋጥ፣ እደርስብሃለሁ» ብሎ ቀረ። ቶናው ተቀዳ። አንዱ ሲኒ ማንም ሳያነሣው ሲበርድ አየና «ይሄስ የማን ነው?» አላት።

«የልጄ። ሥራ ብሎ ጅማ ከሄደ አልተመለሰም።»

ባለበቅሎው ስለ ሰማይ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የልጁን ስም ጠየቀ። እንዳይጠፋው ደግሞ ጠየቀ። «ጭነት ይዤ ጅማ በሄድኩ ቁጥር አጠያይቃለሁ» አለ። በረካው ሲያልቅ ልጁን በስሙ እየጠራ ጸለየና ወንጌላዊውን ሊደርስበት በቅሎውን ነዳ።

በዓመቱ ወንጌላዊው በሞተር ሳይክል ተመለሰ። ሴትዮዋ ከኋላው ያለውን መንገድ ታያለች።

«እማማ፣ ረሱኝ እንዴ? ወንጌል ያመጣሁልዎ እኔ ነኝ።»

«አልረሳሁህም ልጄ፣ ግባ። የልጄን ስም የሚያውቀው ሰውዬስ? እሱ ስለለመነው አምላክ ነበር የምጠይቅህ።»

ለካፋ የሩቅ ሰባኪ ብርቅ አይደለም። ጣሊያናዊው አቡነ ማስያስ በፈረንጆቹ 1859 ገብተው በ1861 ተባረሩ። እሳቸው ሁለት ዓመት ያህል ተቀምጠው ያልጨረሱትን፣ የዛሬ የወንጌል ቡድን በቅዳሜና እሑድ ሊጨርሰው ይወጣል። ጌታ ሰባውን ሲልክ የሰጠው የጉዞ መመሪያ ሉቃስ ምዕራፍ 10 ላይ አለ፦ ከረጢት አትያዙ፣ የቀረበላችሁን ብሉ፣ ከቤት ቤት አትዙሩ። ስለ ደብተር የሚለው ነገር የለም።

የዘንድሮው የስምሪት ዕቅድ እጃችሁ ላይ ካለ እስቲ ተመልከቱት፤ ለአንድ ቤት ስንት ደቂቃ ተመድቧል?