የመኪናው ሥራና የመድኑ ቃል

መድን፣ በተለምዶ አጠራሩ ኢንሹራንስ፣ ባለ ንብረቱ አረቦን የሚባለውን ክፍያ በየዓመቱ እየከፈለ ወደፊት ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት መድን ሰጪው ኩባንያ እንዲሸከምለት የሚዋዋልበት ስምምነት ነው። ይህን ያህሉን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ኩባንያው የሚዋዋለው ስለ መኪናው ብቻ ሳይሆን መኪናው ስለሚሠራው ሥራ ጭምር መሆኑን ነው። ባለቤቱን ከቤት ወደ እርሻ የሚያመላልስ ፒክአፕና እንግዳ ጭኖ ከጎርጎራ ጎንደር በቀን ሁለት ጊዜ የሚመላለስ ፒክአፕ፣ ቀለማቸውም ስሪታቸውም አንድ ቢሆን እንኳ፣ የሚጠብቃቸው አደጋ አንድ አይደለም፤ ስለዚህም አረቦናቸው ይለያያል፣ ውላቸውም ይለያያል። መሪ ጨብጠው እንጀራቸውን ለመብላት የተነሡ ወጣቶች ከሁሉ አስቀድመው ሊረዱት የሚገባው ይህንን ነው፤ የመኪናው ሥራ ተለውጦ የመድኑ ወረቀት ሳይለወጥ የቀረ እንደሆነ፣ አረቦኑ በየዓመቱ እየተከፈለም ባለ መኪናው በክፉ ቀን ያለ መድን ሊቀር ይችላልና።

ጎርጎራ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በደምቢያ ምድር ያለች ትንሽ የወደብ ከተማ ስትሆን፣ የደብረ ሲና ማርያም ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያንና በአካባቢዋ ያለው የአፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ከጥንት ጀምሮ እንግዳ ሲስቡላት ኖረዋል። የቱሪስት መዳረሻዎችን ለማልማት በተነሣው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ከተመረጠች ወዲህ ደግሞ ስሟ ይበልጥ ተሰምቷል። እንግዳ ባለበት መጓጓዣ ይፈለጋል፤ በጭዋሂትና በቆላ ድባ አድርጎ ወደ አዘዞና ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ዓሣ የሚጭነው፣ ጤፍና ሽንብራ የሚያመላልሰው፣ ሰው የሚያሳፍረው መኪና ብዙ ነው። ወጣቱ በቁጠባም በብድርም ባጃጅ ወይም ያገለገለ መኪና ገዝቶ ሥራ መጀመሩ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስወቅሰው አይደለም። አደጋው ያለው ሥራው ከወረቀቱ ቀድሞ በመሮጡ ላይ ነው።

የመኪና የመድን ውል፣ ፖሊሲ የሚባለው ሰነድ፣ ከፊት ገጹ ላይ የሰሌዳውን፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር፣ የመኪናውን ግምት፣ የወንበሩን ወይም የኩንታሉን ልክ ከዘረዘረ በኋላ፣ የአገልግሎቱን ዓይነት የሚገልጽ አንድ መስመር ይይዛል። በዚያ መስመር ላይ ለግል መገልገያ፣ የራስን ዕቃ ለመጫን፣ የሌላ ሰው ዕቃ በክፍያ ለመጫን፣ ወይም ሕዝብ ለማመላለስ የሚል ቃል ይጻፋል። ሊብሬውም፣ ማለትም የመኪናው የባለቤትነት ደብተር፣ ይህንኑ አገልግሎት ያመለክታል፤ ለረጅም ጊዜ በተለመደው የሰሌዳ አሠራርም ኮድ 1 የታክሲ፣ ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ ምልክት ሆኖ ኖሯል። ሦስቱ፣ ማለትም ሊብሬው፣ ሰሌዳውና ፖሊሲው፣ አንድ ቃል ሊናገሩ ይገባል፤ መኪናው በመንገድ ላይ የሚሠራው ሥራም ከእነርሱ ሊለይ አይገባውም።

ብዙው ወጣት የሚሰናከለው በግልጽ የታክሲ ሥራ ጀምሮ ሳይሆን ቀስ በቀስ እየተንሸራተተ ነው። ኮድ 2 መኪና ያለው ሰው መጀመሪያ ዘመድ ያደርሳል፤ ቀጥሎ ለጥምቀት ጎንደር የሚወጣ ጎረቤት ያሳፍራል፤ ከጥምቀት በኋላ ባለው የሠርግ ወራት ሚዜና ሙሽራ ይጭናል፤ በመጨረሻም በየቅዳሜው አራት ሰው አስቀምጦ ይሄዳል። ሒሳቡ ሲጠየቅ «የነዳጅ ብቻ ነው» ይባላል። በመድን ዓይን ግን የሚመዘነው የገንዘቡ ስም ሳይሆን ጉዞው የተደረገበት ምክንያት ነው፤ ባለ መኪናው ለራሱ ጉዳይ ሲሄድ ወዳጁን ማሳፈሩ አንድ ነገር ሲሆን፣ ተሳፋሪ ስለተገኘ ብቻ መንገድ መጀመሩ ሌላ ነገር ነው። አደጋ ደርሶ ተሳፋሪዎቹ ለትራፊክ ፖሊስ ቃል ሲሰጡ እያንዳንዱ ስንት ብር እንደከፈለ ይናገራል፤ ያ ቃል በመዝገብ ከሰፈረ በኋላ «የነዳጅ ነው» የሚለው መልስ ብዙ አይጠቅምም። ጤፍ ጭኖ ከላዩ ሰው የሚያሳፍር አይሱዙ፣ ከተፈቀደለት በላይ የሚያሳፍር ባጃጅም እንዲሁ ነው፤ የእነዚህ ጥፋት ደግሞ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሰው ነፍስ በመሆኑ ይብሳል።

ሕጉ በዚህ ረገድ የሚለው ግልጽ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የቀድሞውን ሕግ አብዛኛውን ክፍል ቢተካም፣ መድንን የሚመለከተው ክፍል አሁንም የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት መድን የሚገባ ሰው የአደጋውን ክብደት ለመመዘን የሚረዳውን የሚያውቀውን ሁኔታ ሁሉ ለመድን ሰጪው የመግለጽ ግዴታ አለበት፤ ውሉ ከተደረገ በኋላ አደጋውን የሚያከብድ ለውጥ ሲመጣም ማሳወቅ ይገባዋል። ሆን ብሎ የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ እንደሆነ ውሉ ፈራሽ ሊሆን፣ የከፈለው አረቦንም ላይመለስለት ይችላል። ባለማወቅ ሳይገልጽ የቀረ እንደሆነ ግን ውሉ አይፈርስም፤ ነገር ግን ካሳው በተከፈለው አረቦንና ሊከፈል ይገባ በነበረው አረቦን መጠን ይቀነሳል። ለምሳሌ ያህል ለሕዝብ ማመላለሻ 10,000 ብር አረቦን መክፈል ይገባው የነበረ ሰው እንደ ግል መኪና 6,000 ብር ብቻ ቢከፍልና 200,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ በዚህ ስሌት የሚያገኘው 120,000 ብር ነው። በ4,000 ብር ቁጠባ 80,000 ብር ጎደለበት ማለት ነው፤ ይህም ነገሩ እንደ አለማወቅ ከተቆጠረለት ነው።

«እኔ መድን አለኝ፤ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል» የሚል ወጣት ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ሦስተኛ ወገን መድን ነው። ሦስተኛ ወገን የተባለው ባለ መኪናውም መድን ሰጪውም ያልሆነ፣ በመኪናው ጉዳት የደረሰበት ሌላ ሰው ሲሆን፣ ይህ መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ግዴታ ነው። ዓላማው መንገድ ዳር የቆመውን ሕፃን፣ ገበያ ውላ የምትመለሰውን እናት መጠበቅ እንጂ የሾፌሩን መኪና መጠገን አይደለም፤ ተገልብጦ ለተሰባበረው ባጃጅ አንድ ብር አይከፍልም፤ የባጃጁን የባንክ ዕዳም አይከፍልም። ለተጎጂውም ቢሆን ወሰን አለው። አዋጁ በወጣበት ጊዜ ለሞት የሚከፈለው ካሳ ከ5,000 ብር የማያንስ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ነበር፤ ወሰኖቹ በየጊዜው የሚሻሻሉ ስለሆኑ ባለ መኪናው በሥራ ላይ ያለውን ወሰን ከመድን ሰጪው ጠይቆ ሊያውቀው ይገባል። ከወሰኑ በላይ ያለው ጉዳት ግን ሳይከፈል የሚቀር አይደለም፤ ወደ ባለ መኪናው ይመለሳል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት አያመልጥም፤ ባለቤቱ ጥፋት አለመሥራቱም አያድነውም። መኪናውን ለታናሽ ወንድሙ ወይም ለቅጥር ሾፌር ሰጥቶ ቤቱ የተቀመጠ ሰው፣ በማግሥቱ በሬውን፣ ቤቱን፣ የአባቱን መሬት ይዞታ እያሰበ ፍርድ ቤት ሊቆም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የወንጀሉ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ይታያል፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 መሠረት ግልጽ የሆነ ደንብ ተላልፎ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ይህን ቅጣት የሚሸከም መድን የለም።

የሽምግልናን ነገር ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። በአማራ ምድር የሰው ሕይወት ሲጠፋ ሽማግሌ ገብቶ ደም ማድረቅ፣ ወገንን ከወገን ማስታረቅ የኖረ ታላቅ ሥርዓት ነው፤ አደጋ ያደረሰ ወጣትም ለሐዘንተኛው ቤት መድረሱ፣ ለቀብሩ መቆሙ ሰውነት ነው። ነገር ግን በመድን ውል ውስጥ በተለምዶ የሚገባ አንድ ቃል አለ፤ መድን የገባው ሰው ያለ መድን ሰጪው የጽሑፍ ፈቃድ ጥፋተኛ ነኝ እንዳይል፣ ካሳም ቃል እንዳይገባ ይከለክላል። ሽማግሌዎች ፊት «ይህን ያህል እከፍላለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው ያንን ገንዘብ በኋላ ከኩባንያው ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ ሐዘኑን መካፈል ወዲያው፣ የገንዘቡን ነገር ግን አደጋው ለፖሊስና ለመድን ሰጪው ከተነገረና ፈቃዱ በጽሑፍ ከተገኘ በኋላ ማድረግ ይገባል። ሽማግሌዎችም ይህን ቢያውቁና ወጣቱን ባያቻኩሉት ለተጎጂው ቤተሰብ ጭምር ይበጃል፤ ከድሃ ሾፌር ኪስ ከሚወጣው ይልቅ ከመድኑ የሚወጣው ካሳ ለወላጅ አልባው ልጅ ይደርሳልና።

ይህ ችግር የጎርጎራ ብቻ አይደለም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ኡበር በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ተሳፋሪ የሚያመላልሱ ኢትዮጵያውያንም የግል መኪና መድን ብዙውን ጊዜ በክፍያ ሰው ለማመላለስ እንደማያገለግል ሊያስተውሉ ይገባል።

ለወጣቱ የሚቀረው ሥራ ከባድ አይደለም። ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ሲወጣ ሊብሬውንና ፖሊሲውን ይዞ ወደ መድን ሰጪው ቅርንጫፍ ይሂድ፤ መኪናው በእውነት የሚሠራውን ሥራ ሳይሸሽግ ይናገር፤ ለተሳፋሪዎቹና ለራሱ አካል ጉዳት ሽፋን ይኖረው እንደሆነ ይጠይቅ፤ የሚጨመረውን አረቦን ከፍሎ የተለወጠውን ውል በጽሑፍ፣ በማኅተም ይቀበል፤ በስልክ «ችግር የለውም» የተባለውን አይመን። የአገልግሎት ለውጡ የመንጃ ፈቃድ ደረጃና የሰሌዳ ለውጥ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ በቅድሚያ ያንን ይፈጽም። በሌላ ሰው መኪና የሚቀጠርም ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት የፖሊሲውን ቅጂ ባለቤቱን ይጠይቅ፤ የማያሳይ ባለቤት ካጋጠመው ያንን መኪና አይንዳ። የጥር ገበያ ሳይመጣ፣ መንገዱ በምእመናንና በሠርገኛ ሳይሞላ፣ በጎርጎራ ባጃጅና መኪና ያለው ወጣት ሁሉ ዛሬ ማታ ፖሊሲውን ከመሳቢያው አውጥቶ ያችን የአገልግሎት መስመር ያንብባት።