ለኤልያስ እንጎቻውን ማን ጋገረለት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ጸልዮ እሳት ከሰማይ የወረደበትን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በጥያቄና መልስ ውድድራችንም ሳይጠየቅ ቀርቶ አያውቅም። የሚከተለውን ምዕራፍ ግን ብዙ ጊዜ ዘለን እናልፈዋለን። ያ ጽኑ ነቢይ ከኤልዛቤል ዛቻ የተነሣ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞትን ለመነ፤ ከዚያም እንቅልፍ ወሰደው (1ኛ ነገ. 19)።

እግዚአብሔር ለደከመው አገልጋዩ በመጀመሪያ ምን አደረገለት? አልገሠጸውም፤ ተነሥተህ ሥራህን ቀጥል አላለውም። መልአኩ ቀሰቀሰውና ከራስጌው እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አገኘ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ እንደ ገና አበላው፤ የሚጠብቀው መንገድ ሩቅ ነበርና። የ40 ቀንና የ40 ሌሊት ጉዞው፣ በኮሬብ የሰማውም ለስላሳ ድምፅ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የታላቅ እኅቴ ነገር ነው። እትዬ በቀን የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ በማታ የሁለት ልጆች እናት፣ በበዓል ደግሞ የማኅበሩ ወጥ ሠሪ ናት። እናታችን ካረፈች ወዲህ እኔንም ያሳደገችኝ እርሷ ናት። አምና በዐቢይ ጾም በመሥሪያ ቤቷ የደም ግፊት ሲለካ የእርሷ 170 በ105 ሆኖ ተገኘ፤ ሳትውል ሳታድር ሐኪም እንድታይም ተነገራት። «ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ» አለች። ፋሲካ አለፈ፤ የልጆቹ ፈተና ደረሰ። ፈተናው አለቀ፤ ክረምቱ ገብቶ የጣራው ማፍሰስ መጣ። ስንጠይቃትም «ምንም አይሰማኝም እኮ» ትለን ነበር።

በመስቀል ሰሞን ቡና ስትቀዳ ስኒው ከእጇ ወደቀ። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፣ ቃሏ ተኮላተፈ፣ ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። እኛ ንፋስ መትቷት ነው ብለን ቅባት ስንፈልግና ስናሻት ብዙ ሰዓት ባከነ። በኋላ እንደ ተረዳነው በአንጎል ውስጥ የደም ዝውውር ሲቋረጥ የሚመጣ ሕመም ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ድንገት የታየበትን ሰው ደቂቃ ሳያባክኑ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ ዛሬ ትሄዳለች፤ ትናገራለችም። ቀኝ እጇ ግን ገና ቁልፍ መቆለፍ አይችልም።

«ምንም አይሰማኝም» የሚለው ቃል እጅግ ያታልላል። የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ሳያሳምም ለዓመታት የልብን፣ የአንጎልንና የኩላሊትን የደም ሥሮች ሲጎዳ ይኖራል፤ የሚታወቀው ሲለካ ብቻ ነው። ተደጋግሞ ሲለካ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። መድኃኒት የታዘዘለት ሰውም ተሻለኝ ብሎ በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም። ጨው ደግሞ በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ የእኛ ቤት ወጥ ከዚህ ልክ በእጅጉ ያልፍ ነበር።

አንዳንዶች ስለ ጤና ማሰብን ሥጋን እንደ መውደድ ይቆጥሩታል። ጌታችን ግን ሐዋርያት ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡበት ሰዓት ለብቻቸው ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ አዝዟቸዋል (ማር. 6፥31)። ሲራክም ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ይነግረናል (ሲራክ 38)። ስለዚህ ጸበል የሚጠመቅ ሰው ኪኒኑን ይጣል የሚል ትምህርት የለንም።

እኔን የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ሁሉ ወራት እኔ እዚያው ቤት ነበርሁ። «እትዬ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ እንጂ» ያላልሁበት ሳምንት አልነበረም። ነገር ግን ማታ ከመዝሙር ጥናት ስመለስ መጀመሪያ የምጠይቃት ራት ደርሶ እንደ ሆነ ነበር። በየትኛው ጊዜዋ ትሂድ? መካሪ ነበርሁ እንጂ ጋጋሪ አልነበርሁም። መጽሐፉ የኤልያስን እንጎቻ ማን እንደ ጋገረው አይነግረንም፤ ኤልያስ ግን ተኝቶ ነበርና እርሱ አለመጋገሩ የታወቀ ነው። ዮቶርም ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ሕዝቡን ሲዳኝ ባየው ጊዜ ትደክማለህ ብሎ ብቻ አልተወውም፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆች ተሹመው ሸክሙን እንዲካፈሉት መከረው (ዘጸ. 18)። ሥራዋን የሚቀበላት ሳይኖር እኅቱን ዕረፊ የሚል ሰው ሌላ ትእዛዝ ጨመረባት እንጂ አላሳረፋትም።

አሁን በቤታችን ሊጡን የማቦካው፣ እንጀራውንም የምጋግረው እኔ ነኝ። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ዓይን የሚባል አልነበራቸውም፤ ጎረቤቶቻችን ስቀውብኛል፤ እትዬም በግራ እጇ አፏን ይዛ ስቃለች። በየወሩ ጤና ጣቢያ አብሬያት እሄዳለሁ። ባለፈው ወር 132 በ84 ሆነላት። ነርሷ ዘወር ብላ «አንተስ ተለክተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ተለክቼ አላውቅም ነበር።

በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአባሎቻችን አንዷ የሆነች ነርስ መለኪያውን ይዛ በአዳራሻችን ትገኛለች። እናቶቻችሁንና ታላላቆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እናንተም ተለኩ። ከቅዳሴ የሚመጣ ሰው ቡና አልጠጣምና ለመለካት ይመቻል፤ ነገር ግን አስቀድሞ አምስት ደቂቃ ያህል ጸጥ ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል። እናቶች እስኪለኩ ድረስ ሕፃናቱን የምንጠብቀው እኛ የመዝሙር ክፍል አባላት ነን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።